«ተከተዪኝ»፣ «ቆዪ»፦ እምቢ ማለት የማትችል አጋር

በዚህ ገጽ ስለ ምርጫ፣ ስለ ሕገ መንግሥት፣ ስለ ዞንና ስለ ክልል ጥያቄ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ዛሬ ስለ ቪዲዮ ጌም ልጽፍ ስነሣ «ዶክተሩ ሥራ ፈታ» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይሁን። ጉዳዩ ወዲህ ነው።

ባለፈው ሰሞን ከማስተምርባት ከወልቂጤ ለቤተሰብ ጉዳይ ወደ ቡታጅራ ሄጄ ነበር። የቀጠርኩት ሰው ዘገየ፤ ዝናቡም ጀመረ። ከመናኸሪያው ብዙ ሳልርቅ አንድ ፕሌይስቴሽን ቤት በር ላይ ተጠለልኩ። «ጋሼ፣ ይግቡ እንጂ» አለችኝ ሒሳብ የምትሰበስበው ልጅ። ዕድሜዋ ከተጫዋቾቹ አይበልጥም። ገባሁ። በሁለቱ ቴሌቪዥኖች እንደተለመደው ፊፋ ይጫወታሉ። በሦስተኛው ግን፣ ባረጀ ፕሌይስቴሽን 2፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች የሚመስሉ ሁለት ልጆች እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣውን ሬዚደንት ኢቭል 4 ይዘዋል።

የጌሙ ታሪክ አጭር ነው። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ልጅ አሽሊ ግራሃም ተጠልፋለች። ሊዮን ኬኔዲ የሚባል ጀግና ሊያስለቅቃት ይሄዳል። ካገኛት በኋላ ከኋላው እየተከተለች ትጓዛለች። ተጫዋቹ አንድ ቁልፍ ሲጫን ትቆማለች፤ ደግሞ ሲጫን ትከተላለች። «ቆዪ» እና «ተከተዪኝ»፤ በመካከላቸው ያለው ንግግር በአብዛኛው ይኸው ነው። ልጁ «ቆዪ» ብሎ ጥሏት ራቀ። ጠላቶች መጥተው ተሸክመዋት ሄዱ። ጨዋታው አበቃ። «ይቺ ሸክም!» ብሎ ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ ጣለው።

ያን ጊዜ ሒሳብ ሰብሳቢዋ ልጅ ብር እየቆጠረች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ቆዪ ሲላት ባትቆይስ?» አለች። ልጆቹ ሳቁ። «መቆየት አለባት፤ እንደዛ ነው የተሠራችው» አላት አንደኛው።

እንደዛ ነው የተሠራችው። ዝናቡ አባርቶ ከቤቱ ከወጣሁ በኋላ እንኳ ይህ ዓረፍተ ነገር አልለቀቀኝም። ለመሆኑ ማን ነው እንደዛ የሠራት? ለምንስ?

ሸክሙ ለምን የእሷ ሆነ?

ወልቂጤ ተመልሼ ጥያቄውን ለተማሪዎቼ አቀረብኩላቸው። አንድ ጎበዝ ተማሪ ቴክኒካዊ መልስ ሰጠኝ። በራሷ የምታስብ አጋር ገጸ ባሕርይ በኮምፒውተር መሥራት ከባድ ነው፤ በር ላይ ትገተራለች፣ በተኩስ መሐል ትገባለች፣ ስለዚህ ታዛዥ ማድረግ ይቀላል አለኝ። ክርክሩ መናቅ የሌለበት ነው። በዚያ ዘመን የጓደኛ ገጸ ባሕርያት እግር እየገቡ ተጫዋቹን ሲያማርሩ እንደነበር እኔም አስታውሳለሁ።

ነገር ግን እዚያው ጌም ውስጥ ሉዊስ ሴራ የሚባል ወንድ አለ። ሊዮንና እሱ በአንዲት ጎጆ ውስጥ ተከበው ሲዋጉ ሉዊስ የራሱን ሽጉጥ ይዞ፣ ማንም «ቆይ»፣ «ተከተል» ሳይለው፣ ከጎን ሆኖ ይተኩሳል። እንግዲህ በ2005 በራሱ የሚዋጋ አጋር መሥራት ይቻል ነበር ማለት ነው። አጋር መሥራቱ የቴክኒክ ጥያቄ ነው። ከሁለቱ አጋሮች ማን ሸክም፣ ማን ጓድ ይሁን የሚለው ግን የደራሲው ምርጫ ነው። ለፍትሕ ያህል፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ጌሙ እንደገና ሲሠራ የአሽሊ ሁኔታ ተሻሽሏል፤ ለብቻው ይታይ የነበረው የጤና መለኪያዋ ተነሥቷል። ሠሪዎቹም የቀድሞው እንዳልተስማማቸው ያሳያል።

ሌላ ምሳሌ እንይ። በከተሞቻችን ትውልድ የተጫወተው ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ እ.ኤ.አ. በ2004 ነው የወጣው። ባለታሪኩ ሲጄ የሴት ጓደኞች ሊኖሩት ይችላል። ግንኙነቱ የሚለካው በፐርሰንት ነው። እራት ይጋብዛል፣ ያስጨፍራል፤ ቁጥሩ ይጨምራል። ግንኙነቱ ደግሞ ጥቅም አለው። አንዷ መኪናውን በነፃ ታስጠግንለታለች፤ የሌላይቱ ወዳጅ ሲሆን ፖሊስ ቢይዘው መሣሪያው አይወሰድበትም። ፍቅር እንደ ዕቁብ ነው፤ ከጣልክ ይደርስሃል። «ዛሬ አልፈልግም» የምትልበትም ሰዓት አለ፤ እሱም ቢሆን ቁጥሩ ስላልሞላ ወይም ሰዓቱ ስላልደረሰ እንጂ ሴትየዋ የራሷ ሐሳብ ስላላት አይደለም።

ሴት ብታውቅ

አንባቢ «እነዚህ የቆዩ ናቸው፤ አሁን ብዙ ተለውጧል» ሊለኝ ይችላል። እውነት ነው፤ ተለውጧል። እንዲያውም መለወጥ የጀመረው በዚያው ዘመን ነበር። በ2004 በወጣው ሃፍ ላይፍ 2 ውስጥ አሊክስ ቫንስ የምትባል መሐንዲስ አለች። ትዋጋለች፣ የተዘጋ ሥርዓት ትሰብራለች፣ ተጫዋቹ አይጠብቃትም። ከ16 ዓመት በኋላ፣ በ2020፣ ራሷ ባለታሪክ የሆነችበት ጌም ወጣላት። በ2013 በባዮሾክ ኢንፊኒት የመጣችው ኤልዛቤትም ጥበቃ አያሻትም፤ ጌሙ ራሱ ይህንኑ ለተጫዋቹ ይነግረዋል። ቁልፍ ትከፍታለች፣ በውጊያ መሐል ጥይትና መድኃኒት ትወረውርለታለች።

ጥሩ ነው። ሆኖም አባቶቻችን «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚሉት ተረት አላቸው። ኤልዛቤትን ባየሁ ቁጥር ይህ ተረት ይመጣብኛል። የምታውቀው እሷ ናት፤ የምትከፍተውም እሷ ናት። የሚገባው ግን እሱ ነው። የወረወረችውን ጥይት ተቀብሎ የሚተኩሰው፣ ነገሩን የሚጨርሰውም እሱ ነው። ሸክም የነበረችው ሴት ስንቅ አቀባይ ሆነች። እድገት ነው፤ ግን ከሸክምነት ወደ አገልጋይነት የተደረገ እድገት ነው።

የምር ወደሚያስጨንቀኝ ነገር የምመጣው ግን እዚህ ላይ ነው። ከሁሉም የተሻሉ ተብለው በሚመሰገኑት፣ ሴቲቱ ሙሉ ሰው ሆና በተጻፈችባቸው ሁለት ጌሞች፣ መጨረሻው ላይ የሆነውን ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. የ2008ቱ ፕሪንስ ኦፍ ፐርዢያ ነው። ኤሊካ የተባለችው ልዕልት አስማት ታውቃለች። ልዑሉ ገደል በገባ ቁጥር እጁን ይዛ የምታወጣው እሷ ናት፤ በእሷ ምክንያት ተጫዋቹ አይሞትም። በመጨረሻ ክፉውን አምላክ ለማሰር ሕይወቷን አሳልፋ ትሰጣለች። አስባበት፣ አውቃ፣ መርጣ ነው። ልዑሉ ግን ሞቷን አልቀበልም ይላል። የታሰረውን ክፉ ፈትቶ፣ ዓለምን ለጥፋት ሰጥቶ፣ እሷን ያስነሣታል። ነቅታ የምትጠይቀው «ለምን?» ብላ ነው።

ሁለተኛው በ2013 የወጣው ዘ ላስት ኦፍ አስ ነው። ልጁን በሞት ያጣው ጆኤል ኤሊ የተባለችውን የ14 ዓመት ልጅ አሜሪካን አቋርጦ ይወስዳል። ከወረርሽኙ የማትያዝ ልጅ ናት። ሐኪሞቹ መድኃኒቱን ለማግኘት እሷን የሚገድል ቀዶ ሕክምና ሊያደርጉባት ይነሣሉ። እነሱም ፈቃዷን አልጠየቁም። ጆኤል ደግሞ ቀዶ ሐኪሙን ገድሎ፣ ራሷን እንደሳተች ታቅፏት ይወጣል። ስትነቃ ይዋሻታል። ሁለት ወገኖች በአንዲት ልጅ ሕይወት ላይ ሲወስኑ እሷ ተኝታ ነበር።

በሁለቱም ጌሞች የሴቲቱን ቃል የሻረው ጠላት አይደለም፤ የሚወዳት ሰው ነው። በሁለቱም ቁልፉን የምንጫነው እኛ ነን። እኔ የልዑሉን ጌም በተጫወትኩበት ዘመን ገና ሁለተኛ ዲግሪዬን የምሠራ ወጣት ነበርኩ። ኤሊካን ለማስነሣት መቆረጥ ያለባቸውን ዛፎች በሙሉ ቆርጫለሁ። አንድም ጊዜ «እሷስ ትፈልጋለች?» ብዬ አልጠየቅሁም። ስለምትወደድ መዳኗ ትክክል መስሎኝ ነበር።

«ስለሚወዳት ነው»

ይህ ቃል በእኛ አገር የምናውቀው ቃል ነው። ስለሚወዳት ነው የጠለፋት። ስለሚወዳት ነው የሚመታት። ስለሚወዳት ነው ትምህርቷን ያስቋረጣት።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 በ10 አገሮች ስለ ሴቶች ጤናና በቤት ውስጥ ስለሚደርስባቸው ጥቃት ያካሄደውን ጥናት ሲያወጣ፣ ከኢትዮጵያ የተመረጠችው ቡታጅራና አካባቢዋ ነበረች። ከ3,000 በላይ ሴቶች ተጠየቁ። ባል ወይም የትዳር አጋር ከነበራቸው መካከል 71 ከመቶዎቹ በሕይወት ዘመናቸው በዚሁ ሰው አካላዊ ወይም ጾታዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናገሩ። በጥናቱ ከተካተቱት ቦታዎች ሁሉ ከፍተኛው ቁጥር ይህ ነበር። ዛሬ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ናት፤ አስፋልቷም ሕንፃዋም ጨምሯል። ያ ቁጥር ግን በየቤታችን የምናውቃቸው እናቶችና አክስቶች ቁጥር ነው።

ልብ ይባልልኝ፤ ጌም ነው ይህን ያመጣው አላልኩም። ጥናቱ ሲካሄድ በእነዚያ መንደሮች ፕሌይስቴሽን አልነበረም። አባቶቻችን ሚስቶቻቸውን ለመምታት የጃፓንና የአሜሪካ ጌም አላስፈለጋቸውም። የእኔ ፍርሃት ሌላ ነው። ልጆቻችን ከቤት የወረሱትን ልማድ የሚጠይቅ ነገር በጌም ቤት ሊያገኙ ሲችሉ፣ ያንኑ ልማድ በደመቀ ቀለም መልሰው እያገኙት ነው። ልጁ «እንደዛ ነው የተሠራችው» ሲል የተናገረው ስለ አሽሊ ብቻ መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም።

የአሽሊ ታሪክ የጠለፋ ታሪክ ነው። በእኛ አገር ጠለፋ ጨዋታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 በአርሲ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈችው የ14 ዓመቷ አበራሽ በቀለ ሊዮን የሚባል አዳኝ አልመጣላትም። ጠመንጃውን ያነሣችው ራሷ ናት፤ ጠላፊዋን ገደለች። የኢትዮጵያ የሕግ ባለሙያ ሴቶች ማኅበር ጠበቃ ቆሞላት፣ ፍርድ ቤት ራስን መከላከል ነው ብሎ በነፃ አሰናበታት። ታሪኩ በዘረሰናይ ብርሃነ መሓሪ ዳይሬክተርነት «ድፍረት» በሚል ፊልም በ2014 ለዓለም ታይቷል። በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1949ኙ የወንጀል ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ክሱን ይተውለት ነበር። ይህ አንቀጽ የተሻረው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ ነው። ሕጉ ራሱ ለዓመታት «ካገባት ይወዳታል ማለት ነው» ሲል ኖሯል።

ይህን መሰል ጥያቄ ማንሣት በሠለጠነው ዓለምም ዋጋ ያስከፍላል። አኒታ ሳርኪዥያን የተባለችው ሐያሲ ሴቶች በጌም እንዴት እንደሚሣሉ የሚተነትኑ ቪዲዮዎች በማውጣቷ የግድያ ዛቻ ደርሶባታል። በ2014 በአሜሪካ ዩታ ግዛት ዩኒቨርሲቲ ልትሰጠው የነበረውን ንግግር በተኩስ ዛቻ ምክንያት ለመሰረዝ ተገድዳለች። «ጌም ብቻ ነው» የሚሉን ሰዎች፣ ጌም ብቻ ከሆነ ስለ እሱ የምትናገርን ሴት በጠመንጃ ማስፈራራት ለምን አስፈለገ?

ከየጆካ ሸንጎ ፊት

እኛ ይህን ጥያቄ ከአኒታ መማር አያስፈልገንም። የሚያስተምር ታሪክ በቤታችን አለ።

በሰባት ቤት ጉራጌ በቃል ሲወርድ የመጣውን የየቃቄ ውርድወትን ታሪክ ወልቂጤ ላይ የማያውቅ አዋቂ የለም። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሴት ናት። በዚያ ዘመን ልማድ ሴት ባሏን ትታ ብትወጣ፣ ባል ካልፈታት በቀር ሌላ ማግባት አትችልም፤ «አንቂት» የሚባለው እርግማን ያስራታል። ወንዱ ግን በላይዋ ሌላ ሚስት መጨመር ይችላል። ውርድወት ይህን አልቀበልም አለች። ሴቶችን አስከትላ ወንዶች ብቻ ከሚፈርዱበት ከየጆካ ሸንጎ ፊት ቆመች። ሴት የምትወደውን ታግባ፣ ያልወደደችውን ትፍታ፣ ለወንድ የተፈቀደው ለሴትም ይፈቀድ ስትል ተከራከረች። ታሪኩን ጫንያለው ወልደ ጊዮርጊስ ለቴአትር ጽፎት በብሔራዊ ቴአትር መድረክ ታይቷል።

አያቴ ይህን ታሪክ ስትነግረን አንድ ነገር አጥብቃ ትይዝ ነበር። ውርድወት ባሏን ጠልታ አልነበረም ትላለች። ባሏን ለመተው ሳይሆን፣ መተው የምትችል ሰው ሆና አብራው ለመኖር ነበር የተነሣችው። አያቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ እኔ በሦስት ዲግሪ ያልደረስኩበት ላይ ደርሳ ነበር። መሄድ የማትችል ሴት ስትቀመጥ መቀመጧ ምንም አይናገርም። እምቢ ማለት የማትችል አጋር እሺታዋ ዋጋ የለውም።

እንግዲህ ጌም ለሚሠሩ ወጣቶቻችን የማቀርበው መለኪያ ይኸው ነው። ሴቲቱ ቆንጆ ትሁን አትሁን፣ ትተኩስ አትተኩስ፣ ትዳን አትዳን አይደለም። እምቢ ማለት ትችላለች? እምቢ ካለችስ ታሪኩ ይቀየራል?

አፍሪካዊ ጅማሮ አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 ያውንዴ የሚገኘው ኪሮ ጌምስ ያወጣው አውሪዮን የተባለ የውጊያ ጌም የሚጀምረው ልዑል ኤንዞ በሚያገባበትና በሚነግሥበት ዕለት ነው። በዚያው ዕለት በሚስቱ ወንድም መፈንቅለ መንግሥት ይደረግበታል። ሚስቱ ኤሪን አልተጠለፈችም፤ ቤትም አልቀረችም። ስደቱ የሁለቱም ነው፤ መንግሥቱም የሁለቱም ነው። የወንድሟ ክህደት የሚነካው ከባሏ ይልቅ እሷን ነው። በአገራችንም ቅኔ ጌምስ የሚባሉ ልጆች ኩኩሉንና ገበታን ወደ ስልክ አምጥተውልናል። በጀፎረው ላይ የሚሄድ፣ ከየጆካ ሸንጎ የሚደርስ ጌም አንድ ቀን ቢሠሩልን፣ ውርድወትን የአንድ ጀግና ተከታይ አድርገው እንዳያመጡብን ከወዲሁ አደራ እላለሁ።

ፖለቲካው የት አለ ለምትሉኝም መልስ አለኝ። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. የተሾመው ካቢኔ ግማሹ ሴቶች ነበሩ፤ እኔም አጨብጭቤአለሁ። ግን በየመሥሪያ ቤታችን፣ በየፓርቲያችን የሴቶች ክንፍ፣ በየዩኒቨርሲቲያችን ኮሚቴ ያለችውን ሴት ስናይ ቆጥረን ብቻ አንለፍ። «አልስማማም» ብላ በማግስቱ ወንበሯ ላይ ትገኛለች? ካልተገኘች፣ ከጎናችን የምትሄደው አሽሊ ናት።

ፍርዱን ከራሴ ልጀምር። ወልቂጤ ለማስተማር ስመጣ ውሉን ፈርሜ ነው ለባለቤቴ የነገርኳት። ያኔ ሥራ ነበራት፤ ልጃችንም ትምህርት ቤት ጀምራ ነበር። «ለእናንተው ብዬ ነው» አልኳት። ብዙ አልተናገረችም። «ብትጠይቀኝ እኮ እሺ ነበር የምልህ» አለችኝ። ያን ቃል ለዓመታት እንደ ይቅርታ ስሰማው ኖርኩ። ከቡታጅራ በተመለስኩበት ማታ ግን የፕሌይስቴሽን ቤቷን ልጅ ጥያቄ ስነግራት ሳቀች፤ ከዚያ ዝም አለች። የነገረችኝ ይቅርታ እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባኝ።

የዚያች ልጅ ጥያቄ አሁንም መልስ አላገኘም። ቆዪ ሲላት ባትቆይስ? ጌም ሠሪ መልሱን በአንድ ቀን ሊጽፈው ይችላል። እኛ ግን በየቤታችን ነው የምንጽፈው።

ቸር እንሰንብት።